ተረብ መልስ ሲያጣ

የአገራችን ቀልድ ባለፉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት መልኩን ቀይሯል። ድሮ ኮሜዲያን ሲባል የሚታየን መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ሰካራምን፣ ዘበኛን፣ ከገጠር ገና የገባን እንግዳ እያስመሰለ የሚያስቅ ሰው ነበር። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከጓደኛው ጋር ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ የሚያወጋ ሰው ነው። ወጉም ስለ ሰው ነው፤ ያውም ስም ስላለው ሰው። እገሌ ከእገሊት ለምን ተለያዩ፣ ያቺ ተዋናይት ሠርጓ ላይ ማንን ሳትጠራ ቀረች፣ ያ ዘፋኝ መኪናውን በማን ገንዘብ ገዛው። ወሬው ሲቀዘቅዝ ወደ ትዝታ ይዞራል፦ የካሴት ዘመን፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ አፍሮ ጸጉር፣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቦ ያየው የነበረው ቴሌቪዥን። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይተርባል፣ ሦስተኛው ይስቃል። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ሰዓት ያልፋል።

ይህን ጨዋታ የሚንቁት ብዙ ናቸው። ሥራ ፈት ወሬ ነው ይላሉ። እኔ አልንቀውም። ዝነኛን ሰው በስሙ ጠርቶ መተረብ በዚህ አገር፣ በተለይም በወሎ፣ ሙያ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ከጨዋታው ጋር ያለኝ ጠብ ሌላ ነው። የሚተረበው ሰው በሚተረብበት ቤት ውስጥ የለም፤ ቢኖርም መመለሻ አልተሰጠውም። ከወሎዎቹ ከሐይቅና ከአምባሰል በኩል ሆኜ ነገሩን ስመለከተው ከሁሉም በላይ የሚታየኝ ይህ ነው። የቀረውን ሁሉ፣ የአፉን ስድነትም፣ የገንዘቡንም ጉዳይ፣ ከዚህ በኋላ ነው የማየው።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ትንሽ ልበል። ባለሥልጣንን በቀልድ መንካት አዲስ አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና ዐፄ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን ሳይቀር እንዴት ይነኳቸው እንደነበር የሚተረከው ተቆጥሮ አያልቅም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ ሹማምንቱ ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ አዩት፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር የታገደውም በዚሁ ሰበብ ነው። በኋላ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አባባ ተስፋዬ የልጆቹን ዝግጅት ያዙ፤ እኚህ ሰው ሴት ተዋናይ በማይታሰብበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ይዘው የተወኑ፣ ኮርያ ድረስ ዘምተው ወታደሩን ያዝናኑ ነበሩ። ከዚያ እነ ተስፋዬ ካሳ፣ እነ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ እነ ክበበው ገዳ መጡ።

የእነዚህ ቀልድ በአብዛኛው ስም አይጠራም ነበር። በደርግ ጊዜ ስም መጥራት ያስከትል የነበረውን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ዝነኞቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ኮሜዲያኑ ከእነሱ ጋር በአንድ ቴአትር ቤት ይሠራል፣ በአንድ መድረክ ይወጣል፣ ለቅሶም ሠርግም ላይ ይገናኛል። ስለዚህ የሚስቅበትን ሰው ዓይነቱን ይይዛል እንጂ ማንነቱን አይነካም። አለባቸው ተካ በ1990ዎቹ ሕይወቱ በመኪና አደጋ ከማለፉ በፊት «አለቤ ሾው»ን ሲያዘጋጅ ነገሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፦ ኮሜዲያኑ ጠያቂ ሆነ፣ ዝነኛው ደግሞ እንግዳ ሆኖ ፊቱ ተቀመጠ። ሰይፉ ፋንታሁን በሬዲዮ «ታዲያስ አዲስ»ን፣ ኋላም በኢቢኤስ የራሱን ሾው ሲይዝ የአሜሪካኖቹን የምሽት ዝግጅት ቅርጽ ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛው፣ ባንዱ፣ የሳምንቱን ወሬ በቀልድ መክፈቱ። እንግዳው ግን አሁንም እዚያው ሶፋው ላይ ነበር። የተባለውን ይሰማል፣ ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ይመልሳል።

ዩቲዩብ ሶፋውን ባዶ አደረገው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ መካፈል ለመጀመር 1,000 ተከታይና በዓመት 4,000 ሰዓት መታየት ይጠበቅበታል። ከ8 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ደግሞ መሐሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይችላል፤ ስለዚህ ረጅም ወግ ከአጭር ቀልድ ይሻላል። ሰው ደግሞ ሰካራምን ወይም ዘበኛን ዩቲዩብ ላይ ጽፎ አይፈልግም። የሚጽፈው የዘፋኟን ስም ነው። ስሟ ርዕሱ ላይ ካለ ቪዲዮው ይገኛል፣ ከሌለ አይገኝም። እሷን እንግዳ አድርጎ መጥራት ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ልመና ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ክፍያ ይጠይቃል። ስሟን መጥራት ግን በነጻ ነው። ጎበዙ እሸቱ መለሰ ከመድረክ ወጥቶ «ዶንኪ ቲዩብ»ን ሲያቋቁም ኮሜዲያን ያለ ቴሌቪዥን ጣቢያ ራሱን ችሎ መቆም እንደሚችል አሳየ፤ እሱ እንኳ እንግዳ ይጋብዛል፣ የተቸገረም ይረዳበታል። ከኋላው የመጣው ብዙው ግን መንገዱን ያዘና እንግዳውን ተወ።

አሁን ወደ አምባሰል ልምጣ። ግሸን ደብረ ከርቤ ያለችበት፣ የውጫሌ ውል የተፈረመባት ይስማ ንጉሥ የምትገኝበት ወረዳ ነው። ለሙዚቃው ግን ሌላ ውለታ አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ አምባሰል ከምንላቸው ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ስሙን ከዚሁ ወረዳ ተራራ ወስዷል፤ ባቲም ቢሆን የወሎ ከተማ ናት። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው የሚሄደው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፣ ጠበብ ብሎ፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሰፊ ዝላይ ይዘላል። ቀጥሎ አንድ ሙሉ እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ፣ ከዚያ እንደገና ሰፊ ዝላይ ወደ መነሻው። ይህ መጥበብና መስፋት ነው ጆሮ ላይ ስስ የሆነ፣ የሚያባባም የሚያስቆጣም ስሜት የሚፈጥረው። ሙገሳም ሆነ ነቆራ በእኩል ይመቸዋል። ማሪቱ ለገሰ ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ተነሥታ ለመላ አገሪቱ ያሰማችው ይህን ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በኢትዮ ጃዙ ተጫውቶታል።

በዚህ ዜማ የሚጫወት አዝማሪ እንዴት እንደሚተርብ ያየ ሰው የዛሬውን ነገር የሚያይበት ዓይን ይለያል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ቤቱን ይዞራል። የገባውን እንግዳ ያየዋል፦ ጫማው አዲስ ነው፣ ከጎኑ ያለችው ልጅ የመጣችው ሌላ ሰው ይዟት ከነበረ ቤት ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሲምል የነበረውን ዛሬ ረስቶታል። ሁሉንም ያውቃል፤ ካላወቀም ከአስተናጋጇ ይጠይቃል። ከዚያ ፊቱ ይቆምና በስሙ ይነካዋል። ቤቱ ይስቃል። የተነካው ሰው ብሩን አውጥቶ ግንባሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት ግን አንድ መብት አለው፤ «ተቀበል» ይላል። አዝማሪው «እሺ» ብሎ ጆሮውን ይሰጠዋል። ሰውየው ሁለት ስንኝ ይነግረዋል። አዝማሪው እነዚያን ስንኞች ዜማው ላይ አስቀምጦ፣ ቃል ሳያጎድል፣ ለቤቱ ሁሉ ያሰማቸዋል። ስንኞቹ እሱን ራሱን የሚያዋርዱ ቢሆኑም ይዘፍናቸዋል። ሰውየው በሰጠው ስድብ፣ በራሱ አፍ፣ በራሱ ማሲንቆ ራሱን ይሰድባል። አለመዝፈን አይቻልም፤ ከዘለለው አዝማሪነቱ አበቃ።

ይህን ደጋግሜ ሳስበው አዝማሪው የሠራው ነገር የፍርድ ቤት ያህል ይታየኛል። ከሳሽም ተከሳሽም እዚያው አሉ፤ ዳኛው የሚስቀው ቤት ነው። ከባለጉዳዮቹ መገኘት ሌላም ልጓም አለው፤ ግጥሙ ቤት መምታት አለበት። ሰውን ለመስደብ የቸኮለ ሰው መጀመሪያ ሁለተኛዋን ስንኝ መፈለግ አለበት፣ ስትፈለግ ደግሞ ንዴቱ ይበርዳል፣ ሐሳቡ ይሰላል። የተሰነዘረው ነገር ሰሙ ለሁሉም፣ ወርቁ ለሚገባው ይሆናል። ተነካሁ የሚለው ሰው ራሱ «ይበል» ብሎ የሚያጨበጭብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዝነኞቹ ራሳቸው ከዚህ ቤት ውጭ አልነበሩም። አስናቀች ወርቁ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የታወቀች ተዋናይት ነበረች። ከተማው ስለ ፍቅር ሕይወቷ ያልተናገረው አልነበረም። እሷ ግን ክራሯን ይዛ ስለ ፍቅር በራሷ አንደበት የምታዜም፣ ነገር የምታውቅ፣ ለነካት ሁሉ ቃል የማታጣ ሴት ነበረች። በ2004 ዓ.ም. መባቻ ካረፈች በኋላ «አስኒ» የተባለው ዶክመንተሪ ፊልም ሕይወቷን አሳየ። ፊልሙን ያየ ሰው ስለ እሷ የተወራውን ብቻ ሳይሆን እሷ ስለ ራሷ ያለችውን ይዞ ይወጣል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወሬው የሷን ድምፅ አላጠፋውም። የዛሬ ተዋናይት በሁለት ጎረምሶች አንድ ሰዓት ሙሉ ስትወራ ድምፅዋ የት ነው የሚሰማው?

ይህን ጥያቄ ከኔ በፊት የጠየቀች እናት አለች። ከደሴ ተነሥተን ጢጣን አልፈን ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስንወርድ ሾፌሩ ፍላሽ ሰካ። ሁለት ወጣቶች ስለ አንዲት ዘፋኝ ትዳር መፍረስ ያወራሉ፤ ከሥራቸው ለስላሳ የአምባሰል ዜማ ገብቷል፤ ረዳቱ እያንዳንዷን ቀልድ ቀድሞ ያውቃታል፣ ሳይነገር ይስቃል። አጠገቤ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉ እናት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ልጅቱ አለች እዚያ ቤት?» አሉ። «ኧረ የለችም እማዬ፣ እነሱ ብቻ ናቸው» አለ ረዳቱ። «እና ማን ይመልስላታል?» ሾፌሩ በመስታወት እያያቸው «ቀልድ ነው እኮ እናቴ፣ አብሽሩ» አላቸው። «ቀልድማ መልካም ነው። ሴትዮዋ ባለችበት ይሁን እንጂ» አሉና ሐይቅ መናኸሪያ ሲደርሱ ወረዱ። ስለ ዘፋኟ ምንም አያውቁም፤ ስሟን ያን ቀን ነው የሰሙት። የጨዋታውን ሕግ ግን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል።

ወሎ ይህን ሕግ ያወቀበት መንገድ ቀላል አልነበረም። በዘመኑ ከልጅ ኢያሱ የበለጠ የተወራበት ዝነኛ በኢትዮጵያ አልነበረም። ወጣት፣ መልከ መልካም፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ፣ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። ከማን ጋር አደረ፣ ከየትኛው ባላባት ልጅ ጋር ተጋባ፣ መስጊድ ገባ አልገባ፣ ምን ዓይነት ጥምጥም አሠረ። የአዲስ አበባ ሳሎንና የውጭ አገር ሌጋሲዮን በዚህ ወሬ ይኖር ነበር። በእስላም ልብስ የተነሣው ነው እየተባለ ፎቶግራፍ ሳይቀር ዞሯል፤ ተቀነባብሯል የሚሉም አሉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መውረዱ አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ እሱ በከተማው አልነበረም፤ ሐረር ነበር። ክሱ ሲነበብ ራሱ ቆሞ አልመለሰም። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 17፣ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ሰገሌ ላይ ተዋጉ፤ ተሸነፉ፣ ተማረኩ፣ እንደታሰሩም ሞቱ። ከሐይቁም ከአምባሰሉም ሰገሌ ሄዶ ያልተመለሰውን ሰው ማን ቆጥሮት ያውቃል?

የልጅ ኢያሱ መውረድ የወሬ ውጤት ብቻ ነው አልልም። የመኳንንቱ ሥልጣን፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሥጋት፣ የእሱ የራሱ ዝንጉነትም አለበት። ወሬው ግን መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። ኤሎይ ፊኬና ቮልበርት ስሚት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጥናት ስብስብ ታሪኩ እንደገና እስኪመረመር ድረስ ያ ሳሎን ያወራው ነገር በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ጭምር እንደ እውነት ሲነበብ ኖሯል። መልስ ያላገኘ ወሬ ዕድሜው እንዲህ ይረዝማል። ዛሬ ስለ አንዲት ተዋናይት የሚወራው ጦርነት አያስነሣም፤ በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ዓይነት ነው። ልጆቿ አድገው ስሟን ሲፈልጉ የሚያገኙት የሁለት ሰዎችን ሳቅ ነው።

ወደ ትዝታው ልለፍ፤ ይኸኛው ለኔ ይበልጥ የቀረበ ነው። ኮሜዲያኑ የሚያነሡት ትዝታ ጣፋጭ መሆኑን አልክድም። ካሴቱ ተጠላልፎ በእስክሪብቶ ሲጠቀለል፣ አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ብለው ሲገቡ፣ «ሰው ለሰው» የሚታይበት ምሽት መንገዱ ጭር ሲል። ስስቅ እውነተኛ ሳቅ እስቃለሁ። የካሴቱ ወግ ሲነሣ ደግሞ ስንት አልበም ያወጣው አንዱ ሙዚቃ ቤት «አምባሰል» ይባል እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ተራራውን አይተው የማያውቁ የአዲስ አበባ ልጆች ስሙን ከካሴት ሽፋን ላይ አነበቡት።

ነገር ግን ይህ ትዝታ የማን ነው? 1970ዎቹ ሲነሡ ወጉ ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ምሽት ቤት፣ ስለ ሰዓት እላፊ፣ ሰዓት እላፊው ስላስገደደው እስከ ንጋት የሚዘልቅ ጭፈራ ነው። በ1977 ዓ.ም. ሐይቅ ዳር የነበረ ሰው ስለ ጭፈራ አያስታውስም። ባቲና ቆቦ፣ ኮረምና አላማጣ ያኔ በዓለም ቴሌቪዥን የታወቁት በረሃብተኛ መጠለያ ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክ በጥቅምት 1977 ከኮረም ያስተላለፈውን ያየ የውጭ አገር ዘፋኝ ሁሉ ተሰባሰበ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ላይቭ ኤይድ በለንደን ዌምብሌይና በፊላዴልፊያ በአንድ ጊዜ ተደረገ። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ ያ ቀን ራሱ የሙዚቃ ትዝታ ሆኗል። የኩዊን ቡድን የዚያን ቀን መድረክ «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በተባለው የ2018 እ.ኤ.አ. ፊልም ላይ እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ሳትቀር ተደገመ። የአልባሳቱ፣ የጸጉሩ፣ የዘፋኞቹ ጠብ ሁሉ ይወራል፣ ይቀለዳል። ዝግጅቱ የተደረገላቸው ሰዎች በወጉ ውስጥ የሉም። ብዙዎቹ ወሎዬዎች ናቸው፣ እነሱም ከቤቱ ውጭ ናቸው።

ከዚያም በፊት እንዲሁ ሆኗል። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ሁለቱም ምስል እውነት ነበር። አንድ ላይ የተሰፉት ግን ለፌዝና ለቁጣ ነው፤ በአንዱ በኩል ያለው አዛውንት ንጉሥ አልመለሰም፣ በሌላው በኩል ያለው የወሎ ገበሬም ምን እንዳለ አልተጠየቀም። ቴሌቪዥን ዝነኛን ሰው ማዋረድ የቻለበት የመጀመሪያው ታላቅ ምሽት ይህ ይመስለኛል፤ የዛሬው ኤዲተር ሁለት ክሊፕ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የሚጠቀምበት ዘዴም ያው ነው።

ወሎዬ በክፉው ቀን ላይ አይቀልድም ማለት አይደለም። ይቀልዳል፤ አንጀት የሚበላ ቀልድ ይቀልዳል። ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ቡና ሲፈላ፣ አብሮ የነበረ ለአብሮ የነበረ የሚያወራው ነው። ያንን ቀልድ ይዞ ማይክራፎን ፊት የሚቀመጥ ልጅ ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ቢወጣ ስለ 1970ዎቹ የሚነግረን ከሚነገረው ሁሉ የተለየ ይሆን ነበር። የትዝታ ወግ አሁን ያለበት መሰልቸት የሚመጣው አንድ ዓይነት ልጅነት ብቻ ስለሚተረክ ነው። እያንዳንዱ ፖድካስት አንድ ሰፈር ያደገ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ልጅ እንዳይወጣ የሚያደርገው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በየካቲት 2015 ማኅበራዊ ሚዲያው በመላ አገሪቱ ተዘጋ፣ እስከ ሐምሌ ቆየ። ነሐሴ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። አዲስ አበባ ያለው ኮሜዲያን በየሳምንቱ ሲጭን፣ ሐይቅ ያለው ልጅ የተጫነውን በሚሞሪ ካርድ እያስጫነ ሰማው። ሚሞሪ ላይ አስተያየት አይጻፍም። ሰሚ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ የጎደለውን ነገር ሳስብ የሚቆጨኝ የታየው ቪዲዮ ብዛት አይደለም፤ አንድ አካባቢ ሙሉ መልስ መስጠት ያልቻለበት ጊዜ መሆኑ ነው።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተስፋ የምጥልበት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም ማጥፋትን ያውቀዋል፤ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቧል። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይመለከታል፤ የአንዲት ዘፋኝ ትዳር በዚያ ሥር አይገባም፣ ቢገባም አልወድም። ቀልደኛን ፖሊስ የሚጠራበት አገር ቀልዱም ፖሊሱም ይበላሻሉ። አዝማሪውን የገራው ዘበኛ አልነበረም፤ ፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ ተስፋዬን የምጥለው ብዙ ሰው በማይጠብቀው ቦታ ነው፤ ቲክቶክ ላይቭ ላይ። ሁለት ሰዎች በአንድ ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ «ባትል» ይሉታል። ደቂቃ ተቆጥሮ ይሰጣቸዋል። ሰሚው ከታች ይጽፋል፣ ጽጌረዳ ይልካል፣ ገንዘብ ያለው አንበሳ ይልካል፣ የበለጠ የተሸለመው ያሸንፋል። ቅርጹን ልብ ብሎ ላየው የአዝማሪ ቤት ነው። የሚነካው ሰው እዚያው አለ፣ ወዲያው ይመልሳል፣ ሽልማቱም ግንባር ላይ እንደሚለጠፈው ብር በሰው ፊት ይሰጣል። ዩቲዩብ ያጠፋው መልስ እዚህ ተመልሷል።

የጎደለው ግጥሙ ነው። ቤት መምታት የሚጠይቅ ስለሌለ ንዴት እንደመጣ ይወጣል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነገሩ እናትና አባት ወደ መስደብ፣ ዘር ወደ መቁጠር ይሄዳል። ሰሚውም ጽጌረዳውን ለሚጮኸው ይልካል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ በተለይ ዛሬ፣ በዚህ ክልል፣ ሰው በዘሩ በሚጠራበት ጊዜ። አንድ ኮሜዲያን ግን ማሲንቆ የሚችል ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ ላይቭ ቢገባና «ስድብ በስንኝ ብቻ ነው የምቀበለው» ቢል የሚከለክለው ነገር የለም። ከታች የሚጻፈውን ሁለት መስመር ያነባል፤ ቤት ካልመታ ያልፈዋል፤ ከመታ፣ እሱን ራሱን የሚያዋርድ ቢሆንም፣ ጓደኛው በአምባሰል ያዜመዋል። ስሟ የተነሣ ዘፋኝ ወይም ተዋናይት ካለችም በስልኳ ገብታ ሁለት ስንኝ ትሰጣለች፤ የሷም ይዘፈናል። ደሴ ላይ የወሎ ባህል አምባ አዳራሽ አለ፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሐይቁ ዳር ምሽቱን የሚያሳልፍ ወጣት ሞልቷል፤ በስልክ የሚሆነው በመድረክም ይሆናል። የሚያስፈልገው ካሜራ አንድ ነው። ግጥም የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ፣ በየሠርጉ «ተቀበል» የሚሉት፣ እዚያው በየቀበሌው ናቸው፤ ማይክራፎኑ እስካሁን ወደነሱ አልዞረም።